ዕጩ መምህራን ቶሎ ክፍል ይግቡ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ መምህራን ሥልጠና ያወጣችሁት ጽሑፍ የኮሌጅ ኮርሶች ይጨመሩ ይላል። በዚህ አልስማማም። አዲስ አበባ ዳር፣ የካ አባዶ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ለልምምድ የሚላኩ ዕጩ መምህራንንም እቀበላለሁ።

ባለፈው ወር የመጣችው ልጅ የትምህርት ዕቅዷ እንከን አልነበረውም። ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ግን ጀርባዋን ለተማሪዎቹ ሰጥታ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ቆየች። ኋላ ያሉት ገና በአምስት ደቂቃ ወሬ ጀምረዋል። እሷን አልወቅስም። ስለ ክፍል አያያዝ ተፈትና አልፋለች፤ ስድሳ ልጅ ፊት ግን ቆማ አታውቅም።

ደግሞም የትምህርት እርከኑ አሁን 6-2-4 ሆኗል፦ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት መካከለኛ፣ አራት ሁለተኛ ደረጃ፤ 7ኛና 8ኛ ራሱን ችሎ መካከለኛ ደረጃ ተብሏል። የ13 ዓመት ልጅ ክፍልፋይ ሲምታታበት እጁን አያወጣም። ይስቁብኛል ብሎ ዝም ይላል። ይህን ዝምታ ማንበብ የሚለመደው ከልጆቹ ጋር ተውሎ ነው።

ኮሌጆች ዕጩዎችን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምረው በሳምንት አንድ ቀን ከአንድ ነባር መምህር ጋር ያውሏቸው። ተቆጣጣሪ መምህራንም እኛ ዳር ያለነው ጋ ድረስ በሴሚስተር ቢያንስ ሦስት ጊዜ እየመጡ፣ ክፍል ገብተው ይዩአቸው።

አንድ የሒሳብ መምህር፣ ከየካ አባዶ