አባዬ፣ በረሃ ምን ወሰደሽ ላልከኝ

አባዬ እንዴት ነህ፣ ጉልበትህ ተሻለህ? እማዬስ? እኔ ደህና ነኝ፣ እዚህ ፒያሳ ነሐሴው ሊለቀን አልቻለም፣ ከቢሮ እስከ ታክሲ ድረስ ብቻ ጫማ ውሃ ጠጥቶ ያልቃል። በቀደም ያልከኝ ነገር ውስጤ ቀርቶ ነው የምጽፍልህ፣ በስልክ እንዳላወራህ አንተ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ በይ ሂሳብሽ ይቆጥራል ብለህ ትዘጋለህ፣ ስለዚህ ትንሹ ቀስ ብሎ ያንብብልህ።

"እኔ ዕድሜዬን እዛ አፋር በረሃ የጨረስኩት እናንተ እንዳታዩት ብዬ ነው፣ አንቺ ጭራሽ ከኪስሽ አውጥተሽ ትወርጃለሽ?" ነበር ያልከው። አልፈርድብህም። ከኤንትሬው የጭነት መኪናህ ወርደህ ቤት ስትገባ ከንፈርህ ተሰነጣጥቆ፣ ሸሚዝህ ጀርባው ላይ ላቡ ጨው ሰርቶ፣ እማዬ ያንተን ልብስ ለብቻው ስትዘፈዝፍ አይቻለሁ። በ90 ጦርነቱ መጥቶ አሰብ ሲዘጋ ሾፌሩ ሁሉ ስራ ቆመ ብሎ ሲያዝን አንተ በሆድህ ተመስገን ያልክ ይመስለኛል።

ግን አባዬ፣ አትቆጣኝና፣ አንተ የምታውቀው መንገዱን እንጂ በረሃውን አይደለም። ተሳቢ የጎተተ ሰው ከአስፋልት ወርዶ የት ይገባል? ጭነቱ ይጠበቃል፣ ሰዓት አለ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ሞተሩም ሳይሞቅብህ ዶቢ የሚባለውን ሜዳ ማለፍ አለብህ፣ ግራ ቀኝ የማየት ጊዜ የት አለና። እኛ የምንወርደው እኮ ያንተ ስራ ያልፈቀደልህን ልናደርግ ነው፣ ከአስፋልቱ ወጣ ማለት፣ በቃ።

አላሎባድን ታውቀዋለህ? ከሎጊያ ብዙም አይርቅም፣ ስንት ዘመን በአጠገቡ እያለፍክ አንድ ቀን ስሙን ስታነሳ አልሰማሁም። በፒስታው፣ በአፈር መንገዱ ገባ ስትል መጀመሪያ የምታየው እንፋሎት ነው፣ ቀርበህ ስታይ መሬቱ ላይ ጉድጓድ አለ፣ ውሃው ጥርት ብሎ ሰማያዊ ነው ግን እየፈላ ነው፣ ዝም ይልና ዝም ይልና በመሃል ሽቅብ ይተፋዋል። ዳሩ ድንጋይ ይመስላል ግን አንዳንድ ቦታ ስስ ቅርፊት ነው፣ አንድ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ በዱላው ኳ ኳ እያረገ የት እንደምንረግጥ አሳየን፣ ባዶ የሆነው ቦታ ድምፁ ይለያል። እንቁላል በጨርቅ ቋጥረን እዛው ቀቀልን። ይሄ ሁሉ አንተ ጥርስህን ነክሰህ ከምታልፍበት መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው።

መኪናዋን ደሞ ጠይቀኸኝ ነበር። ያቺ ሎንግ ቤዝ ላንድክሩዘር ናት፣ ከጓደኞቼ ጋ በእቁብ ብር ከጨረታ የገዛናት። ኮምፒውተር የላትም፣ ከስር የሚሸከማት ባሌስትራዋ ጠንካራ ነው፣ ቢሰበርም ሱማሌ ተራ እቃዋ አይጠፋም፣ ለዛ ነው አዲሱን ቆንጆ መኪና ያልተመኘነው። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ሊትር በላይ እንይዛለን፣ ለመጠባበቂያ ደሞ ሌላ። የናፍጣ ጄሪካን ጣሪያዋ ላይ ባለው ፖርቶመጋላ አይጫንም፣ ከላይ ከከበደች ጎን ለጎን ባዘቀዘቀ ቦታ ትገለበጣለች፣ ይሄንን እንኳን አንተም ትስማማለህ።

የማትስማማው ጎማው ላይ ነው። አሸዋ ከመግባታችን በፊት ወርደን ከአራቱም ጎማ ንፋስ እንለቃለን፣ አስፋልት ላይ 35፣ 40 ፒኤስአይ የነበረውን ወደ 18 እናወርደዋለን። ትጮሃለህ አውቃለሁ፣ "የተኛ ጎማ ይበላል፣ ይፈነዳል" ትላለህ፣ ለከባድ ጭነትና ለአስፋልት ልክ ነህ። አሸዋ ላይ ግን ሌላ ነው። ንፋሱ ሲቀንስ ጎማው ሆዱን አሳርፎ ረዝሞ ይተኛል፣ መሬቱን የሚነካው ቦታ ይጨምራል፣ ክብደቱ ስለተከፋፈለ አይሰምጥም፣ በቀስታ በከባድ ማርሽ ሳትቆም ትሄዳለህ። ጠንካራ ጎማ ግን እዛው ይቆፍራል፣ ነዳጅ በሰጠኸው ቁጥር እስከ ዲፈረንሻሉ ይገባና አካፋ ይዘህ ፀሐይ ላይ ትውላለህ። ከአሸዋው ስትወጣ በኮምፕሬሰር መልሰህ ትነፋለህ፣ ይሄን የዘለለ ሰው ነው ጎማው ግሎ የሚፈነዳበት። ኤርታሌ አካባቢ ያለው ጥቁር ድንጋይ ላይም እንደዛ ነው፣ ንፋስ አንሶ ከገባህ ጎኑን እንደ ምላጭ ነው የሚቀደው። ከሁሉም የባሰብን ግን ድንጋዩ አይደለም፣ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾህ ነው። በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ከውጭ የመጣ ዛፍ ነው፣ አዋሽ ዳር የነበረውን የከብት ግጦሽ ሁሉ ዋጠው፣ እሾሁ ጎማ ይበሳል፣ ሚሌ ላይ ያገኘነው ጎሚስታ በሱ ነው የምበላው ብሎ ሳቀብን።

ስለ ኤርታሌና ዳሎል ብዙ አልነግርህም፣ ፎቶውን ሰው ሁሉ ለጥፎታል። የጨው ሜዳው ላይ የተማርኩትን ብቻ ልንገርህ፣ ነጭ ሆኖ የደረቀው ይሸከማል፣ ጠቆር ያለው ከስሩ ጭቃ ነው፣ ላዩ ቅርፊት ስለሆነ ከገባህ መውጫ የለህም። መሪያችን አንድ ሽማግሌ አፋር ነበሩ፣ ጂፒኤሱን አይተውት እንኳን አያውቁም፣ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ግራ፣ ቀኝ፣ ቁም ይሉኛል፣ እኔም ቁም ሲሉኝ እቆማለሁ። ከአዲስ አበባ ሙዚቃ ከፍተው እየተሽቀዳደሙ የሚመጡት ግን ያናድዱኛል፣ የነበረውን ፋና ትተው አዲስ ይከፍታሉ፣ ያ ጎማ የረገጠው መሬት ስንት ዓመት እንደዛው ይቀራል፣ የሃይላንድ ፕላስቲኩንም እዛው ጥለው ይሄዳሉ።

ባዶ በረሃ የምትለውንም አልቀበልህም። አፋሮቹ መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ሳይባባሉ አያልፉም፣ ማን አለፈ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ። ከሰርዶ ተነስተን አፍዴራ ሳንደርስ አንድ ሰውዬ መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀን፣ ሁለት መኪና እንደሆንን፣ አንዷን የምትነዳው ሴት እንደሆነች ቀድሞ ሰምቷል፣ ኔትወርክ በሌለበት።

ህዳር 14፣ 2018 ሀይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ደንግጠህ የደወልክልኝ ቀን እኔ እዚሁ ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ ነበር። ከዛ በፊት ፈንድቶ ሰው የመዘገበው ነገር የለም፣ አመዱ ቀይ ባህርን ተሻግሮ የመን፣ ኦማን፣ እስከ ህንድ ደረሰ። እኔን ያሳዘነኝ በረራ ተሰረዘ የሚለው ወሬ አይደለም፣ አፍዴራ በኩል ሳሩ አመድ ለብሶ ከብቱ የሚግጠው ማጣቱ ነው። አንተ ግን ፍርሃትህ ልክ ነው፣ ምድሩ ይንቀሳቀሳል፣ በ1961 ሰርዶ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ትላልቆቹ ሾፌሮች ያወሩልህን ለኛ ነግረኸናል፣ በ1998 መስከረም ደሞ ዳባሁ ጋ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወደ 60 ኪሎሜትር የሚሆን መሬት እስከ 8 ሜትር ተለያየ። ስለዚህ ብቻችንን አንሄድም፣ ሁለት መኪና ነው፣ ፈቃድና የአካባቢው መሪ ሳንይዝ አስፋልት አንለቅም።

አሁን ዋናው። ታህሳስ ላይ አብረኸኝ እንድትወርድ ነው የምፈልገው። እስከ ሰመራ አስፋልት ነው፣ ወደ 600 ኪሎሜትር፣ አዋሽ ላይ አድረን ቀስ እያልን፣ ሰመራ ኤሲ ያለው ሆቴል አለ። ዛሬ ትሬይለሩ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ለመውጣት ወደ ጋላፊ ነው የሚታጠፈው፣ በኤሊዳር ወደ አሰብ የሚሄደውን ያንተን መንገድ የሚያስታውስ ሰው እያለቀ ነው። ባሌስትራ ተሰብሮብህ ረዳትህን ልከህ የተቀመጥክበት ቦታ፣ የአፋሯ ሴትዮ ወተት ያመጣችልህ፣ ስሙን በካርታ ፈልጌ አጣሁት፣ አንተ ግን ተራራውን ስታይ ታውቀዋለህ። እሱን እንድታሳየኝ ነው፣ ከቻልን ደሞ ከዛ በጎን የሚገባውን ፒስታ አብረን እናየዋለን።

በፊት ግን ሐኪሙ ጋ ሂድና ጠይቀው፣ ሙቀቱ ታህሳስ ላይ ብዙ አይከብድም ግን የግፊት መድኃኒትህን ተርፎ የሚበቃ ያዝ። ለእማዬ አንተ ንገራት፣ እኔ ከነገርኳት ሁለታችንንም ታስቀረናለች። መሪውንም እሰጥሃለሁ፣ አውቃለሁ ሳትይዘው አታድርም፣ ግን አሸዋው ጋ ስንደርስ ንፋስ አይለቀቅም ብለህ ከተከራከርክ እኔ ነኝ የምነዳው፣ ከወዲሁ ተስማምተን እንሂድ።

ልጅህ