የጎረቤቴ ባልዲና የእናንተ ቱቦ

ይድረስ ለአካባቢያችን የፍሳሽ አገልግሎት ኃላፊ፣

ሰላምታዬን ላሳጥረው። ያለፉትን ሦስት ደብዳቤዎች በረጅም ሰላምታ ጀምሬ ነበር፤ የትም አላደረሰኝም።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ልብስ እያጠበች ሦስት ልጆች የምታሳድግ ጎረቤቴ አንድ ባልዲ እጣቢ ወንዙ ዳር ደፋች። ደንብ አስከባሪዎች ከየት መጡ ሳይባል ከች አሉ። «ወንዝ መበከል ክልክል መሆኑን አታውቂም?» ተቀጣች። የሳምንት ገቢዋ በአንድ ደረሰኝ ሄደ። አጥፍታለች፤ እሷም አልካደችም።

ግን ክቡር ኃላፊ፣ እሷ ከቆመችበት ሃያ እርምጃ ዝቅ ብሎ አንድ ቱቦ አለ። የእናንተ ነው። የመላው ኮንዶሚኒየም የሽንት ቤትና የወጥ ቤት ፍሳሽ ቀን ከሌት በዚያ ይወርዳል፤ ጥቁር ሆኖ። ደንብ አስከባሪዎቹ ደረሰኙን ሲጽፉ አፍንጫቸውን ይዘው ነበር። የሸተታቸው የእሷ ኦሞ ይሆን?

የኮንዶሚኒየሙ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ሥራ የጀመረ ሰሞን የኮሚቴ አባል ስለነበርኩ ኦፕሬተሩ አዙሮ አሳይቶኛል። ፍሳሹ መጀመሪያ በወንፊት ያልፋል፤ ፌስታሉ፣ ዳይፐሩ፣ ጨርቁ እዚያ ይቀራል። ከዚያ ትልቁ ገንዳ። «እዚህ የሚሠሩት ባክቴሪያዎቹ ናቸው፤ የኔ ሥራ አየር እንዳያጡ ማድረግ ነው» አለኝ። አየር መንፊያው ሲያጓራ ገንዳው እንደ ሽሮ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ባክቴሪያዎቹ ቆሻሻውን ይበሉታል፤ ዝቃጩ በሚቀጥለው ገንዳ ወደ ታች ይወርዳል፤ ውሃው ከላይ ጠርቶ ይወጣል። ጥበቃው ሣር ያጠጣበት ነበር።

አየሩ ሲቋረጥ ባክቴሪያዎቹ ታፍነው ያልቃሉ። ጥሬው ፍሳሽ ወንዝ ሲገባ ደግሞ እዚያው ይበሰብሳል፤ ለመበስበስ የሚፈልገውን አየር ከወንዙ ይወስዳል። ጥቁረቱም ግማቱም የመጣው ወንዙ ትንፋሽ ስላጠረው ነው። ይህን እኔ ከኦፕሬተሩ በአንድ ጠዋት ተማርኩ። እርስዎ አያውቁትም ማለት ይከብደኛል።

መንፊያው ከተቃጠለ 14 ወር ሆነው። በመጀመሪያው ደብዳቤ «ግዥ ላይ ነው» ተባልን። በሁለተኛው «በጀት ዓመቱ ተዘግቷል»። በሦስተኛው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። እስካሁን አልወጡም መሰለኝ። ዝቃጭ የሚመጠው መኪናም መምጣቱን ተወ። አንድ ቀን ማለዳ ፍሳሹ ገንዳውን ሳይነካ በቀጥታ ወንዝ እንዲገባ ቫልቩ ተከፍቶ አገኘነው። ማን እንዳዘዘ የሚናገር የለም። ኦፕሬተሩ ተነስቷል፤ የቀረው ጥበቃው ብቻ ነው። ምን እንደሚጠብቅ እንጃ።

የፍሳሽ ክፍያው ግን አልተበላሸም። ከውሃ ቢሉ ጋር በየወሩ ከች ይላል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን ላስተምርዎ አይደለም የምጽፈው። ንጹህና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 መስፈሩንም ያውቃሉ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሕጉ የወጣው ለባልዲ ብቻ ነው ወይስ ለቱቦም?

«የእናንተ ሰፈር ችግር» እንዳይሉኝ። ወንዛችን አቃቂ ይገባል፤ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ፤ ከዚያ አዋሽ። በመንገዱ ገበሬው ጎመኑን፣ ቆስጣውን፣ ሰላጣውን ያጠጣበታል። አትክልቱ ተመልሶ ከተማ ይመጣል። እኛ የላክነውን እርስዎም ቅዳሜ ከጉሊት ገዝተው ይገቡ ይሆናል፤ ሎሚ ተጨምቆበት።

መንፊያውን አስጠግኑ፤ ኦፕሬተሩን መልሱ፤ ቫልቩን ዝጉ። እስከዚያው ድረስ ለእናንተም እንደ ጎረቤቴ ደረሰኝ ይቆረጥ። በአንድ ባልዲ ሒሳብ ከሆነ ስንት እንደሚመጣ እርስዎ ያስሉት።

የእሷን ደረሰኝ ኮፒ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ «ገቢ ሆኗል» የሚለውን ማኅተም መቼም አትነፍገኝም፤ እስካሁን ሦስት አለኝ።