የውኃ ፈረቃና የሴት ተማሪዎች 1ኛ ክፍለ ጊዜ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ ሴት ልጆች ትምህርት ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ምዝገባ ነው። ከቃሊቲ ወዲያ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች አካባቢ ለምናስተምር ግን ልጅቷ ተመዝግባለች፤ ዩኒፎርሟን ለብሳም ትመጣለች። የሚጎድላት ሰዓት ነው። ሰዓቱን የሚበላው ደግሞ የቤት ውስጥ ሥራ የሚከፋፈልበት መንገድ ነው።

ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ግፊቱ አንሶ ላይኛው ፎቅ ሳይደርስ ይቀራል። ያኔ ከታች ቀድቶ መሸከም ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል 10 ጀሪካን ይፈልጋል። አራተኛ ፎቅ ወጥቶ መመለሱ 6 ደቂቃ ቢፈጅ እንኳ፣ ወረፋው ሳይቆጠር አንድ ሙሉ ሰዓት ይሄዳል። ውኃው ሌሊት 10 ሰዓት ከመጣ የምትቀሰቀሰው ሴቷ ናት፤ ወንድሟ ጠዋት ትምህርት አለበት ይባላል። እሷም እኮ አለባት! «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለውን ተረት ዛሬ ደፍሮ የሚናገር ወላጅ ጥቂት ነው፤ ሌሊት ማን እንደሚቀሰቀስ ያየ ግን ተረቱ እንዳልሞተ ያውቃል።

ጉዳቱ በጥቂት ትምህርት ላይ የሚከማቸው የፈረቃው ቀንም የክፍሉ ፕሮግራምም ስለማይለዋወጡ ነው። ሰኞና ሐሙስ ውኃ በሚደርሰው ብሎክ የምትኖር ልጅ ሰኞና ሐሙስ ታረፍዳለች። በእነዚህ ቀናት 1ኛው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ከሆነ የሚያመልጣት ሁሌ ሒሳብ ነው። በር ተዘግቶባት፣ ለቅጣትም ግቢ ስትጠርግ ከቆየች 2ኛውም ይከተላል። ሰኔ ላይ ውጤቷን ያየ ሰው «ሴቶች ሒሳብ አይሆንላቸውም» ይላል። ስም የሚጠራው በቀን አንዴ ከሆነ መዝገቡ ይህን አያሳይም። ስለዚህ የክፍል ኃላፊው የአርፋጆችን ዝርዝር በየክፍለ ጊዜው ይያዝ፤ በአንድ ትምህርት ብቻ የወደቀች ልጅ ስትኖር ከፕሮግራሙ ጋር ያስተያየው። 1ኛውን ክፍለ ጊዜ በየወሩ ማፈራረቅም ወጪ የለውም።

እንጀራው ሌላ ነው፤ ቀጠሮ አያራዝምም። ሊጡ በሦስተኛው ቀን ይደርሳል፤ አብሲት ተጥሎ ኩፍ ሲል ካልተጋገረ ይኮመጥጣል። 30 እንጀራ፣ ምጣዱ እስኪግልና በየመሃሉ እስኪታሰስ፣ 2 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሌሊት ነው። የትኛው ቀን እንደሚጋገር የሚወሰነው ግን በሚቦካበት ቀን ነው። ሐሙስ ማታ የተቦካ እሑድ ይደርሳል፤ ሰኞ የተቦካ ሐሙስ ላይ፣ በትምህርት ቀን ይወድቃል። ወንድ ልጅ ምጣድ አጠገብ ሲቀመጥ ማየት ለሚከብደው አባት፣ ከውኃው ይጀምር እንላለን። ጀሪካን መሸከም ጉልበት ነው፤ ከጉልበት ደግሞ ወንድ ልጅ አይሸሽም ሲባል ነው የምንሰማው።

ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ ጥምቀት ጥር 11፤ የአጋማሽ ዓመቱ ፈተናም ጥር ላይ ነው። ለአንድ ዶሮ እስከ 3 ኪሎ ሽንኩርት የሚከተፈው፣ የእንግዳው ዕቃ የሚታጠበው በጥናት ሳምንት ነው። በዓሉን ማንም አይነካውም፤ የሽንኩርቱን ቢላዋ ግን ለሁለት መከፋፈል ይቻላል።

ትምህርት ቤቶች በበኩላቸው ቲቶሪያልን (የማጠናከሪያ ትምህርቱን) ቅዳሜ ጠዋት ያደርጉታል፤ ያ ሰዓት የልብስ አጠባ ነው። ስለዚህ የሚመጡት በብዛት ወንዶች ናቸው፣ ከዚያም «ሴቶቹ ፍላጎት የላቸውም» የሚል ሪፖርት ይጻፋል። በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ምሳ እዚያው ስለሚበላ፣ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ቀጥሎ 45 ደቂቃ በሳምንት ሁለት ቀን ቢሰጥ ልጅቷ ቤት ሳትገባ ትማራለች። አንዴ ቤት ከገባች አትመለስም።

የወላጅ ስብሰባ ላይ የሚገኙት በአብዛኛው እናቶች ናቸው፤ ሌሊት ማን ይቀስቀስ በሚለው ላይ የመጨረሻው ቃል ግን ብዙ ጊዜ የአባት ነው። የጥሪ ወረቀቱ በአባት ስም ይጻፍ፤ ስብሰባውም ከሥራ ሰዓት ውጭ ይሁን።

በአቃቂ ቃሊቲ ዙሪያ የምናስተምር መምህራን