ሽምብራን ከነሥሩ አንንቀል

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ኮምቦልቻ ዳር ከእናቴ የወረስኳትን ሁለት ጥማድ መሬት አርሳለሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ሽምብራን ከነሥሩ የመንቀል ልማዳችን ነው።

በየስብሰባው «ጥራጥሬ መሬት ያሳርፋል» ይባላል። እውነት ነው። እንዴት እንደሚያሳርፍ ግን ስለማይነገረን የሰጠንን መልሰን እንወስድበታለን። ሽምብራ ሲያብብ አንድ እግር ነቅላችሁ ሥሩን በውኃ እጠቡት። የተጣበቁበትን ትንንሽ እባጮች በጥፍር ሰንጥቋቸው። ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ፣ ባክቴሪያዎቹ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ተክሉን እየመገቡት ነው። ነጭ ወይም ግራጫ ከሆነ ሥራ የለም። የእኔ ማሳ ሮዝ ነው፤ ባየሁት ቁጥር ተማሪዎቼን ጠርቼ ባሳየኋቸው እላለሁ።

ሰብሉ ሲደርስ አብዛኛው ናይትሮጅን በፍሬው ውስጥ ሆኖ ጎተራ ይገባል። ለመሬቱ የሚተርፈው ቅጠሉ፣ ገለባውና ሥሩ ነው። እኛ ግን ሁሉንም ነቅለን አውድማ እናደርሳለን፤ ገለባው ለከብት፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ለምድጃ። ታዲያ ለመሬቱ ምን ቀረለት? ከዚያ ዩሪያ ፍለጋ እንሰለፋለን፤ በ50 ኪሎው ጆንያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 23 ኪሎ ነው።

ጤፍን አላማም። ፀጉር የመሰለው ሥሩ አፈሩን ቅንጣት በቅንጣት ይሰፋዋል፤ ሽምብራ ይህን አይችልም። ነገር ግን የጤፍ ዘር ደቃቅ ስለሆነ አራት አምስት ጊዜ አርሰን፣ በከብት አስረግጠን ነው የምንዘራው። ሥሩ የሰፋውን እኛ እንተረትረዋለን። ጤፍን በጤፍ ላይ በዘራሁባቸው ዓመታት ማሳዬ ከዝናብ በኋላ እንደ ቂጣ ይጋገር ነበር፤ ውኃው ሳይሰርግ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል። የጤፍ ገለባ ናይትሮጅኑ ጥቂት በመሆኑ የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን የአፈሩን ናይትሮጅን ከቡቃያው ጋር ይሻማሉ፤ ቡቃያው አንዳንዴ ቢጫ የሚሆነውም ለዚህ ነው። የሽምብራ ሥር ቶሎ ይበሰብሳል፤ የወረደበት ቀዳዳም ለውኃና ለሚቀጥለው ሰብል ሥር መንገድ ይሆናል።

ባለፈው ዓመት አንዱን ጥማድ በማጭድ አጨድኩ፤ ሌላውን እንደ ጎረቤቶቼ ነቀልኩ። ዘንድሮ በሬዎቹ የታጨደው ላይ ሲገቡ ጓሉ በቀላሉ ይፈረፈር ነበር። የአንድ ዓመት ነገር ነውና ደግሜ አየዋለሁ። ማጨዱ ያደክማል፤ ሽምብራ አጭር ነው፣ ወገብ ይቆርጣል፣ ፀሐይ ከበረታም ፍሬው ይረግፋል። እኔና ልጄ ጠል ሳይረግፍ ማለዳ ነው የጨረስነው።

የግብርና ባለሙያዎቻችንን የምለምነው፣ «ሰብል አፈራርቁ» ስትሉን አጨዳውንም አስተምሩን። እነዚያን ባክቴሪያዎች የያዘው፣ ከዘር ጋር የሚለወሰው ሕያው ማዳበሪያም በጊዜው ይድረሰን። ባለፈው ዓመት ለእኛ ሰፈር የደረሰው ሽምብራው ከበቀለ በኋላ ነበር።

ጡረታ የወጣ መምህር፣ ከኮምቦልቻ