ጥር ሳይደርስ አዳራሹን በደንብ እንየው

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ቅዳሜ ለአንድ የጥር ሰርግ ሲኤምሲ አካባቢ አዳራሽ ለማየት ሄጄ ነበር። ስሙን ልተወው። መብራቱም የሙሽሮቹ መድረክም በጣም ያምራል። ሙሽሪት በፎቶ አይታ ወዳዋለች። እኔ ግን መጀመሪያ የገባሁት ወጥ ቤት ነው። ቧንቧውን ከፈትኩት፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ስጠይቅ “ሮቶው በዕለቱ ይሞላል” አሉኝ። 500 ሰው ለሚበላበት ቀን ይህ አያስተማምንም።

ቁርጡ የሚሰቀልበት ቦታ ደግሞ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ነው። ይህን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ጥሬ ሥጋ ነው፣ እንግዳው ፊት ነው የሚቆረጠው።

ጄኔሬተር አለን ሲሏችሁ አስነስታችሁ እዩት። የዚህኛው ተነሳ፤ ግን መብራቱን እንጂ የዲጄውን ድምፅና የምግብ ማሞቂያውን አብሮ አይችልም። አዳራሹ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሊፍቱ አንድ ብቻ ነው። እነዚያ በከዘራ የሚመጡ አያቶች በምን ይወጣሉ?

ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ሰርግ ይደራረባል። አንዳንዱ አዳራሽ ምሳም ማታም ይቀበላል። ስለዚህ ዲኮር የሚገባበትንና የምትለቁበትን ሰዓት ውሉ ላይ አስጽፉ፣ ቀብድ የምትከፍሉት ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ አልከፈልኩም። ለቤተሰቡም ምክንያቱን ቁጭ ብዬ አስረድቻቸዋለሁ። በዚያው አቅጣጫ ምድር ቤት ላይ ያለ፣ ወጥ ቤቱ ደህና የሆነ አዳራሽ የምታውቁ እስከ ሐሙስ ጻፉልኝ።