ፕሮቲኑማ ተመርቷል፣ መውጣት አቅቶት ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን (ጉበት የሚሠራው፣ ሳንባን የሚጠብቅ ፕሮቲን) እጥረት ያወጣችሁትን አነበብኩ። ደህና ጽሑፍ ነው። አንዷ ዓረፍተ ነገር ግን አላስቀምጥ አለችኝ። «የታማሚዎቹ ሰውነት ፕሮቲኑን አያመርትም» ትላለች። ያመርታል እንጂ!

የምሠራው ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከጉበት የተወሰደ ናሙና በስሱ ተቆርጦ ስላይድ ላይ ይደርሰኛል። መጀመሪያ ግላይኮጅኑን (ጉበት ያከማቸውን ስኳር) በኢንዛይም አስወግዳለሁ፤ ከዚያ ፒኤኤስ የሚባለውን ቀለም አጠጣዋለሁ። ይህ በሽታ ካለ ሴሎቹ ውስጥ ቀላ ያሉ ሐምራዊ እንክብሎች ፍጥጥ ብለው ይታያሉ። «አልተመረተም» ያላችሁት ፕሮቲን እሱ ነው።

በብዛት የሚያጋጥመው ከባዱ ዓይነት ዜድ ይባላል። 342ኛው ቦታ ላይ በግሉታሚክ አሲድ ፋንታ ላይሲን ይገባል። በቃ፣ አንዲት አሚኖ አሲድ። ፕሮቲኑ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም (አዲስ ፕሮቲን የሚታጠፍበት የሴሉ ክፍል) ውስጥ በወጉ መታጠፍ ያቅተውና አንዱ ሌላው ላይ እየተሰካ ይያያዛል። ሴሉ ደግሞ ቅርፁ ያልተስተካከለውን በቀላሉ ወደ ጎልጂ (ፕሮቲን ወደ ውጭ ለመላክ ወደሚያልፍበት ክፍል) አያሳልፍም። ብዙውን ይሰባብረዋል፤ የተረፈው እዚያው ይከማቻል። ዜድን ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰ ሰው ደም ውስጥ የሚገኘው ከመደበኛው ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ነው።

ይሄ ምን ያጨቃጭቃል ትሉኝ ይሆናል። ጂናቸው ፕሮቲኑን ጭራሽ የማይሰጥ ጥቂት ሰዎችም አሉ። ከነጭ የደም ሴሎች የሚወጣውን ኢላስቴዝ (የሳንባን ሕብረ ሕዋስ የሚበላ ኢንዛይም) የሚገታላቸው ስለሌለ ሳንባቸው ይጎዳል። ጉበታቸውን ግን በዚህ ሰበብ አያማቸውም። ዜዶቹ በሁለቱም በኩል ያሰጋቸዋል፦ ሳንባው በማጣት፣ ጉበቱ በመታጨቅ። ከለጋሾች ፕላዝማ የተዘጋጀ ፕሮቲን በደም ሥር መስጠት ሳንባን እንጂ ጉበትን የማያግዘውም ለዚህ ነው። ጽሑፋችሁ ሕክምናውን ሲያሞግስ ስለ ጉበት ትንፍሽ አላለም።

ሲስቲክ ፋይብሮሲስም (ሳንባን በወፍራም ንፍጥ የሚያፍን በዘር የሚተላለፍ በሽታ) ከዚሁ ወገን ነው። 508ኛዋ አሚኖ አሲድ የጎደለችበት ሲኤፍቲአር (በሴሉ ሽፋን ላይ ጨው የሚያሳልፍ ፕሮቲን) መንገድ ላይ ይቀራል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሴሎቹን 27 ዲግሪ አካባቢ ሲያቆዩአቸው ግን ጥቂቱ አምልጦ ሽፋኑ ላይ ይደርሳል፤ ደርሶም በመጠኑ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ ከጸደቀው የሦስት መድኃኒቶች ጥምር ሁለቱ ፕሮቲኑ በትክክል እንዲታጠፍ የሚያግዙ ናቸው።

እርማቱን ስታወጡ የጉበት ክትትልንም አደራ ጨምሩበት። ሳንባ ሐኪም ጋ ብቻ የሚመላለስ አንባቢ አይጠፋችሁም።

የላቦራቶሪ ቴክኒሻን አንባቢያችሁ