ስክሪኑን ወደ እኛም አዙሩልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ሰሞኑን መንጋጋዬን አሞኝ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ቴምብር የምታህል፣ ወፈር ያለች የራጅ (ኤክስሬይ) ምስል መቀበያ ሴንሰር በላስቲክ ሸፍነው አፌ ውስጥ ከተቱና "ይንከሱ" አሉኝ። ጠርዟ ድድ ትቆነጥጣለች፤ ልታስመልሰኝም ነበር። ግን ፊልም ማጠብ ቀረና ምስሉ በሰከንዶች ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ ድቅን አለ። ጨረሩም ከፊልሙ ያነሰ ነው።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ ራሱ አዙሮ "ይነቀላል" አለኝ። እስቲ ልየው ብዬ ድርቅ አልኩ። በሁለት ጥርሶች መሃል፣ በመስታወት የማይታይ ጥቁር ጥላ አሳየኝ። የበሰበሰው ቦታ ጨረሩን ስለሚያሳልፍ ነው የሚጠቁረው። ጥላው ነርቩ ጋ አልደረሰም።

"ታዲያ ቢሞላስ?" አልኩት።

ዝም ብሎ አየው። ምስሉን አጎላው። ጥርሴ ተሞላ፤ ቅጂውንም በስልኬ ይዤ ወጣሁ።

አንባቢያችሁ